ጥንት ማለት መቼ ነው?

ዛሬ ጠዋት የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ላሊበላ ሆስፒታል አደረስናት። የቃሬዛው የቆዳ ጠፍር ሽታ ጋቢዬ ላይ ቀርቷል። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ደሜን ያፈላዋል።

ልጅ ሳለሁ፣ በገና ማግሥት፣ አያቴ ቤተሰቡን በሙሉ ይዘው ላሊበላ ከተማ ወሰዱን። የመጓጓዣ ታሪክ የሚታይበት ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም ተከፍቶ ነበር። የበቅሎ ኮርቻ አየን፤ የአሮጌ መኪና መሪ አየን። ጥግ ላይ ደግሞ ቃሬዛ በገመድ ታጥሮ ተቀምጧል፤ ከበላዩ «የጥንት መጓጓዣ» ተብሎ ተጽፏል።

«ድሮ ሕመምተኛ የሚጓጓዘው በዚህ ነበር» አለን አስጎብኚው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት።

እናቴ ያዘለችውን ሕፃን አስተካከለችና ፊቷን አዞረች። ታናሽ ወንድሜን የወለደችው በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ዳገቱ ላይ፣ በቃሬዛ እንደተኛች ነው።

«ጥንት ማለት መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉ አያቴ።

«መኪና ሳይገባ ነዋ፣ አባቴ።»

አያቴ ጋቢያቸውን ገልጠው ትከሻቸውን አሳዩት። የሸክሙ ቁስል ገና ትኩስ ነበር።

«ታዲያ ይህን ያቆሰለኝ ምንድን ነው? ያላረፈ ዕቃ እንዴት ቅርስ ይሆናል?»

«እባክዎ ገመዱን አይለፉ» አላቸው አስጎብኚው።

ዛሬ ባዶውን ቃሬዛ ይዘን ስንመለስ ሙዚየሙ በር ላይ ቆም ብዬ አየሁ። ጽሑፉ አልተነሣም፤ እንዲያውም በአዲስ ቀለም ደምቋል። ቃሬዛውን ወደ ግራ ትከሻዬ አዛወርኩት። ቀኙ ቆስሏል።