ሰው በሞተ ቁጥር አባቴ ደህና ነበር

የካርቱሟ ሰፈራችን ካላክላ መብራት ካጣች ወዲህ ከሰዓት በኋላው ጭር ይላል፤ በዚያ ጭርታ ውስጥ አንዳንዴ አንዲት ትንፋሽ ትሰማኛለች፤ ሰው ውሃ ውስጥ ከመጥለቁ በፊት የሚስባት ዓይነት፣ በተሰበረ ጥርስ መሀል ፉጨት ቀላቅላ የምትገባ። ከእሷ ቀጥሎ ዋሽንት መምጣት ነበረበት። አይመጣም። ትንፋሿ ብቻ ትመጣለች፤ የአባቴ ናት።

አባቴ ሰይድ ከወሎ ዋሽንቱን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ካርቱም የገባ ሰው ነበር። ሱቅ ዐረቢ የሚሉት ገበያ ውስጥ ሸክም ይሸከም ነበር፤ ሲጠሩት ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ኦምዱርማን ውስጥ ለፊልም ሙዚቃ ወደሚቀዳበት ስቱዲዮ ይሄድ ነበር። ፊልሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ታሪኩንም የሚነግረው አልነበረም፤ ድምፅ የሌለው ምስል እያሳዩ «ያ ሐበሺ፣ ይቺ ልትሞት ነው፣ ያላ ንፋ» ይሉታል፣ እሱም ይነፋል። ሳቅና ሠርግ ላለበት ቦታ አንድ ቀን እንኳ ጠርተውት አያውቁም። በሙቀቱ ወራት፣ ምድጃ ውስጥ የተቀመጥን ሲመስለን፣ እኔና እናቴ የተከራየናት አንዲት ክፍል በር ላይ ሆነን ስንጠብቀው ላቡን እየጠረገ ይመጣና «ዛሬ አንዲት ሙሽራ ቀብሬ መጣሁ» ይል ነበር።

«እንግዲያው ሳትታጠብ እንዳትገባ!» ትለዋለች እናቴ፤ ከቀብር ለተመለሰ ሰው እንደሚደረገው እጁ ላይ ውሃ ታፈስለታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር።

ቴሌቪዥን የነበራት የግቢው ባለቤት ነበረች፤ ሀጃ እንላታለን። የግቢው ልጅ ሁሉ እሷ መስኮት ሥር ተኮልኩሎ ሲያይ፣ ያቺ ትንፋሽ ከተሰማች ማን እንደሚሞት መገመት ጨዋታችን ነበር፤ ሳይሞት የቀረ ሰው አላስታውስም። ኋላ ሀጃ ራሷ ፈራችና አባቴ ግቢ ውስጥ እንዳይነፋ ለመነችው። «ያ ሰይድ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፣ ተወኝ። መጀመሪያ ፊልም ውስጥ ያሉትን ጨርስ» አለችው።

ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ግድግዳ ሰማዩን ቀይ አድርጎ በሚነሳበት ሰሞን፣ አባቴ ወደ ሊቢያ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወሬው ጠፋ።

ዝናቡ ግቢውን ጭቃ ባደረገበት ወቅት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሼህ አሊ የሚባሉ የአገራችን ሰው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ ልጅም ያውቃል። እናቴ ዘይነባ ካፉሪ በሚሉት የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር ለመውጣት ጫማዋን አድርጋለች።

«ዘይነባ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉ ሼህ አሊ።

«ረፍዶብኛል ሼሃችን፣ መዳሟ ትቆጣለች።»

«ግድየለም፣ ቁጭ በይ። ከበረሃ የተመለሰ ሰው አግኝተን ነበር፤ በገዛ እጁ ቀብሮ የመጣ። ሰይድ...»

ይኼኔ በሀጃ መስኮት፣ ሳይዘጋ ካደረው ቴሌቪዥን፣ ያቺ ትንፋሽ መጣች። ተከትሏት ዋሽንቱ፤ አባቴ ቤት ውስጥ ነፍቶት የማያውቅ፣ አንዱን ድምፅ ይዞ የማይለቅ ረጅም ዜማ። የአንደኛው ሽማግሌ መቁጠሪያ ከእጁ ወደቀ። እናቴ እጇን አነሳች።

«ይሰማሉ ሼሃችን? ሰይድ ሥራ ላይ ነው» አለች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ በመሀላቸው አልፋ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። መርዶውን እንዳመጡት ይዘውት ተመለሱ።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ፣ ያ ደረቅ ነፋስ በበር ሥር አሸዋ እያስገባ ሲያፏጭ፣ አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር እናቴ ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ ታዳምጥና «አባትህ ደህና ነው፤ ሰማኸው አይደል?» ትለኝ ነበር። እኔም አመንኩ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡን ሠራሁት፦ ሰው ካልሞተ አባቴ አይነፋም፣ ካልነፋ ደግሞ የለም። ስለዚህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ መስኮቱ ሥር እቀመጥና «ያ አላህ፣ አንድ ሰው ግደልልኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ሟቿን አላያትም ነበር፤ የማየው ከኋላዋ ነው፤ እዚያ የሆነ ቦታ ቆሞ ይሆናል ብዬ። አንድ ጊዜ ከአንዲት ሬሳ ጀርባ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁና «አባ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የግቢው ልጆች አጠገቤ መቀመጥ ተዉ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ያስገባኝም አልነበረም። ጢሜ ከበቀለ በኋላ ፊደል ቆጥሬ፣ ዐረብኛውንም አስከትዬ፣ ፊልም ሲያልቅ የሚወርዱትን ስሞች ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ የፈለግሁት የሱን ስም ነበር። የሾፌሩ ስም አለ። የሱ የለም። ተናድጄ ስቱዲዮው ድረስ ሄድኩ። ድምፅ የሚቀዳው ሽበታም ሰውዬ ማንን እንደምፈልግ ስነግረው ሳቀ።

«አል-ሐበሺ? እሱማ አሁንም እኛ ጋ ይሠራል!»

በሩን አልፌ በዓይኔ ፈለግሁት። ሰውዬው አንድ ቁልፍ ተጫነና ያቺ ትንፋሽ ክፍሉን ሞላችው። ድሮ የቀዱትን እየቆረጡ፣ ያንዱን ጭራ ካንዱ ራስ እየቀጠሉ፣ እያዘገሙና እየጎተቱ፣ አባቴን ነፍቶት የማያውቀውን ዜማ ሲያስነፉት ኖረዋል። «አይበላም፣ አያረፍድም፣ አይደክመውም» አለኝ፤ እያመሰገነው መሆኑ ነው። ልመታው እጄን ጨብጬ ነበር። ተውኩት። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ እሷ ገና የምትጠብቀው ይመስለኝ ነበርና።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የካፉሪዋ መዳም ደህና ሁኚ እንኳ ሳትል ወደ ግብፅ ሸሸች። እናቴ ሥራ ባልሄደችበት የመጀመሪያው ጠዋት ስነሳ፣ እንደ ሱዳን ሐዘንተኛ ነጭ ለብሳ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«አባትህ።»

ፊቷ ቁጢጥ አልኩ። እሷ ቀጠለች።

«ያን ጠዋት ነው ያወቅሁት፤ ሼህ አሊ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ። መርዶውን ከተቀበልኩ ዒዳ ልቀመጥ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት በኛ ደንብ ከቤት አትወጣም። መዳሟ ትጠብቀኛለች? በማግስቱ ሌላ ሐበሻ ታስገባለች። አንተን ምን ላበላህ ነበር?»

«የዒዳው ጊዜ እኮ አልፏል፣ እማ።»

«ለአላህ አልፎ ይሆናል። እኔ ገና ዛሬ ቁጭ አልኩ።»

ያኔ ግቢው ሰው በሰው ነበር፤ ለቅሶ ነው ቢባል ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ እናቴን አቅፎ አብሯት የሚያለቅስ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው ማልቀሻ ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ጊዜው ተረፈን። ሀጃ የለችም፣ ሼህ አሊ የሉም፣ ሰፈሩ ግማሹ ሸሽቷል፣ ግማሹ ሞቷል። እኔና እናቴ በሩን ክፍት አድርገን፣ ለሰው የሚሆን ቦታ ምንጣፉ ላይ ትተን፣ ለቅሶ ደራሽ እንጠብቃለን።