በጆንያ ድንች ላይ የተጠራ ወንፈል

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ባምባሲ አጠገብ ባለችው የሰፈራ መንደር ብቻውን ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው አሶሳ፣ እኔ ወደተከራየሁበት ግቢ አመጣሁት። ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው። ዞር ቢል ሲሚንቶ፣ ቀና ቢል ቆርቆሮ።

«አንች፣ ሰው እዚህ ምን ሲሠራ ይውላል?»

«ይቀመጣላ!»

«ለመቀመጥማ መቃብር መች ጠፋ! ወደ ቤቴ መልሽኝ።»

አፌ ኃይለኛ ነው እንጂ ልቤ ፈሪ ነው። በዚያ ጉልበት ውኃ ሲቀዳ ወድቆ ማንም ሳያየው ቢቀርስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ባዶ ጆንያዎች፣ አናቱ የተቆረጠ ጀሪካንና ያቆጠቆጠ ድንች ገዛሁ። አፈሩን በባጃጅ አስጫንኩ፤ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ሲስቅብኝ መጣ።

«ይኸው መሬት! እረስ!» አልኩት አባቴን።

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ዞሮ አያቸው። «ጠባብ ነው። ግን አይከፋም» አለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው! ቅጠሉ ብቅ ባለ ቁጥር አፈር ያለብሰዋል፤ አፈሩን ከየትም አምጪ የምባለው እኔ። ፀሐይ ስትበረታ ጀሪካኑን ወደ ጥላ ያስጎትተኛል፤ ድንቹ ሳይደርስ እንዳይቀቀል። ይህ ሳይበቃ «ማማ ያስፈልጋል» አለ።

«ኧረ አባ፣ ዝንጀሮ እዚህ የት አለ?»

«የአከራይሽ ፍየሎችስ?»

ብሎኬት ደርድሮ ማማ ሠራ። በዚያ ጉልበቱ የማወጣውም የማወርደውም እኔ! ከላይ ሆኖ «ሂድ! ሂድ!» እያለ ወንጭፉን ያጮኸዋል። አንድ ቀን ድንጋዩ ፍየሏን ስቶ ጎረቤታችን የጣደችው ሽሮ ውስጥ ገባ። ይቅርታ ጠያቂዋም እኔው።

ቅጠሉ ሲደርቅ፣ እኔን ሳያማክር ግቢውን በሙሉ ወንፈል ጠራ። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ብከፍት አከራያችን ዶማ ተሸክማ ቆማለች፤ ከኋላዋ ተከራዩ ሁሉ። ለዚያች ለጥቂት ጆንያ! ወንፈል የጠራ ደግሞ ያበላል። ምን ላድርግ፣ ምስር ወጥ ሠራሁ፤ የከርከዴ ሻይ አፈላሁ።

ጆንያው ሲገለበጥ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አንዷ ድንች አውራ ጣት ታክላለች፤ ሁሉ ተሰብስቦ የትንሽ ድስት ወገብ አልደረሰም። ሰው ሳቁን ዋጠ። አባቴ አንዷን በጋቢው ጠርጎ ትክ ብሎ አያት።

«እንግዲህ በቃኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ መኪና ፈልጊልኝ።»

እጄ ላይ ያለው የከርከዴ ማንቆርቆሪያ ከበደኝ።

አከራያችን የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። «ወላሂ አትሄድም!» አለችው። «ወንፈል ብለህ ጠራኸን፤ ሠራን። አሁን የኛ ተራ ነው።»

«የእናንተ እርሻ የት አለና?»

ጓዳ ገብታ ቂጡ የተቀደደ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየጎተተች ወጣች። ባለ ሽሮዋ ጎረቤታችንም ሮጣ ሄዳ የተሰነጠቀ ባልዲ አመጣች። ሌሎቹም አፈር የሚይዝ ዕቃ ፍለጋ ወደየቤታቸው ገቡ።

አባቴ ሳፋውን አየ፤ ባልዲውን አየ፤ ወደ እኔ ዞረ።

«አንች፣ የሰው ጉልበት በልቼ የት ነው የምሄደው?» ብሎ ጮኸብኝ፣ ሂድ ያልኩት እኔ ይመስል።

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ እኔም ጮኽኩበት።