ቢራራ ሚዜዎቹን የጠራበት ቀን

ደባርቅ ውስጥ ቢራራን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ከገበያው በላይ ባለች ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ ይውላል፤ ጥር ሲገባ ግን የሚፈለገው ለድምፁ ነው። ሰርግ ያለበት ሁሉ አጋፋሪ ሁንልኝ ይለዋል። እንግዳውን ከዳሱ በር ተቀብሎ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የሚያስቀምጥ፣ ሙሽራው ሲመጣ ሚዜዎቹን አንድ በአንድ ከነአባታቸው ስም ጮክ ብሎ እየጠራ የሚያስገባ እሱ ነው። ያን ጊዜ አባቶች በተቀመጡበት ቀና ይላሉ። ለዚያች ቅጽበት ሲሉ ከሩቅ አገር የሚመጡ ይመስለኛል።

በ1979 ዓ.ም. ጥር የእህል ነጋዴው አገኘሁ ልጁን ለአምባራስ መንደር ሰው ሲድር አጋፋሪነቱን ለቢራራ ሰጠው። ቢራራም እንደ ልማዱ የሚዜዎቹን ስም አስቀድሞ ጠይቆ፣ ልብስ እየሰፋ በአፉ ያመላልሰው ጀመር። ሚስቱ ጤናዬ መርገጫውን በስሞቹ ልክ እየረገጥክ የሰው ሱሪ ልታጣምም ነው እያለች ትስቅበት ነበር። አንደኛው ሚዜ ላቀው ዋሴ ይባላል፤ የሙሽራው የአጎት ልጅ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ለሰርጉ ያሰፋውን ካኪ ሊወስድ መጣ። ለብሶ እየለካ ስለ ብሔራዊ ውትድርና አወራ። አምባራስ ላይ ለዘመቻ ተመልምለው የተሰወሩ ልጆች አሉ፤ አንዱ የዋሴ ልጅ ላቀው ነው፤ መልኩን ግን እዚህ የሚያውቅ የለም አለ። ከዚያ እጅጌውን እያስተካከለ፣

«እኔን ላይኛው መደብ እንዳታስቀምጠኝ» አለው። «በሩ አጠገብ ይሻለኛል። አንተ ስም ስትጠራ መስማት እወዳለሁ።»

ሊቀ መንበሩ ከሄደ በኋላ ቢራራ ሥራውን ጥሎ ወደ አገኘሁ ሄደ።

የሰማውን ነገረው። ሊቀ መንበሩን አትምጣ ማለት የማይሞከር ነው። ወደ አምባራስ ሰው ሰደዱ፤ ወሬው እንዳይወጣ ሰግተው ግን ምክንያቱን ደብቀው፣ አንደኛው ሚዜ ይቀየር ብቻ አሉ። ዋሴ የልጄ ምኑ ተጠላ ብሎ ተቆጥቶ መለሰላቸው።

ቢራራ ሥራ ፈትቶ መኪናው ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ጤናዬ ምስር እየለቀመች፣

«ዝለለዋ» አለችው።

«የተዘለለውን ነው የሚይዙት።»

«ሌላ ስም ስጠው እንግዲያ።»

«የአምባራስ ሽማግሌ ሁሉ ዳሱ ውስጥ ነው። የዋሴን ልጅ ማን አልከው ብለው ያርሙኛል።»

ጤናዬ ከምስሩ ቀና ሳትል፣ «እናቱ ማን ናት?» አለች።

ሸጊቱ ትባላለች። ቢራራ ግን ደነገጠ። ወንድ ልጅ በእናቱ ስም የሚጠራው አባቱ ሲሞት ወይም አባቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አባት በተቀመጠበት ዳስ ውስጥ እንዲህ ብሎ መጥራት ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው። ቢሆንም በማግስቱ የሌሎቹንም ሚዜዎች እናቶች ስም ሲያጠያይቅ ዋለ።

የሰርጉ ቀን ሊቀ መንበሩ አዲሱን ካኪ ለብሶ ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሙሽራው ገባ። ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሸጊቱ ልጅ፣ ግባ!»

እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ላቀው አንገቱን ደፍቶ ገባ። «የዓለምዬ ልጅ» አለ ቢራራ ቀጥሎ፤ ከዚያ «የስጦታ ልጅ»።

ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ ምን ዓይነት አጠራር እንደሆነ ጠየቀው።

«አብዮቱ እናቶቻችንን ከአባቶቻችን እኩል አደረገ ብላችሁ በስብሰባ አስተማራችሁን፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ያንን ይዤ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰው ሁሉ እያየው፣ ሊቀ መንበሩ «አይደለም» ሊል አልቻለም።

ዋሴ ግን ከላይኛው መደብ ተነሥቶ ቆመ።

«አንተ፣ እኔ ሞቻለሁ?»

ሽማግሌው የልጁን ስም ካወጣ ሁሉም ነገር አበቃ። ቢራራ በተቀመጠው ሰው መካከል እየተሻገረ ሮጦ የዋሴ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«አላዋቂ ነኝ፣ አባቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቀመጡልኝ።»

ዋሴ ቁልቁል አየው። ከዚያ ተቀመጠና የቀረበለትን ጠጅ በእጁ ጀርባ ገፋው። እስከ መጨረሻው አልጠጣም፣ ቃልም አልተነፈሰም።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ በበቅሎ ተጭና፣ ላቀው ልጓሙን ይዞ በአምባራስ መንገድ ወደ ቡይት ራስ አቀኑ። ቢራራ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቆሞ እንግዶቹን ይሸኛል፤ የሚወጣው ሁሉ ይመርቀዋል። ዋሴ ሲደርስ ቢራራ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ኩታውን ወደ ጎኑ ሰብስቦ አለፈው።

አገኘሁ ተጠግቶ፣ ተከትዬው እውነቱን ልንገረው ብሎ በጆሮው አንሾካሾከ። ቢራራ ወደ ዳሱ ዞር አለ። ሊቀ መንበሩ አሁንም ብርሌውን ይዞ ተቀምጧል፤ ዓይኑ እነሱ ላይ ነው።

«ተወው» አለ ቢራራ። «እንደ ተቆጣ ይሂድ።»