የታችኛውን ንካ

ሥራ ሳልፈታ ሥራ ፈት ተብዬ ተባርሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ስልክ ከፍቼ አንድ መተግበሪያ ስጭን «ያሉበትን ቦታ እንዳውቅ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ እስካሁን የማነበው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ደግሜ አነበብኩትና ያ የጉርምስና ንዴቴ ተመልሶ መጣ።

ያኔም እዚሁ ሀርጌሳ ነበርኩ፤ ለአንድ ድርጅት በሞተር ምሳ አደርስ ነበር። የደረሰኝ ሰፈር ማሕሙድ ሃይቤ ነው። ወሩ መስከረም ነው። ሀገር ቤት መስከረም አበባ ነው፤ እዚህ ነፋስና አቧራ። ከኋላዬ የጫንኩት የግመል ሥጋና ሩዝ ግን ሽታው አቧራውን ያሸንፍ ነበር። ከሩዙ ጋር የሚበላውን ሙዝ ከረሳህማ ምሳ አመጣህ የሚልህ ሶማሌ የለም።

በዚያ ሰፈር የምንሠራው ሁላችንም ከሀገር ቤት የመጣን፣ ማንበብ የማንችል ነበርን። ጌታሁን የሚባል የወሎ ልጅ አንድ ጊዜ ስልኩ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ብሎ ማስታወቂያ ወረረው። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣልን፦ «ስልክ ሲጠይቅህ የታችኛውን ንካ። እምቢታ ሁልጊዜ ከታች ነው።» እኛም እንደ ጸሎት ያዝነው።

የመስቀል ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«ዋርያ! ተኝተህ ነው የምትውለው?» አለኝ በሶማሊኛ። ስክሪኑ ላይ የከተማው ካርታ አለ፤ ሞተሮች የሄዱበት ሁሉ በቀይ ተሰምሯል። 26 ጁን የሚባለው ሰፈር የሸረሪት ድር መስሏል። ማሕሙድ ሃይቤ ባዶ ነው።

«ታዲያ ሩዙን ማን በላው?» አልኩት።

«ካርታው አይዋሽም። ሞተሩን አስረክብ። ሰፈሩንም እዘጋዋለሁ፤ ሰው የለበትም።»

የበላውን ሰው መጠየቅ አልታየውም። ስደተኛ ደግሞ አንዴ ሰነፍ ከተባለ ሌላ የሚቀጥረው የለም።

ሆዳን በር ላይ ደረሰችብኝ። በቢሮው ኮምፒውተር የምትሠራው እሷ ናት፤ አማርኛ ጅግጅጋ ነው የለመደችው።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ስልክህን እስቲ። የድርጅቱ መተግበሪያ ቦታህን እንዳያይ ማን ከለከለው?»

«እኔ እንጃ። የታችኛውን ነካሁ።»

«ለምን?»

«ጌታሁን ነዋ ያለን።»

«ለሁላችሁም?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። ተመልሳ ገብታ «ካርታው የሚያሳየው የሠሩትን አይደለም፣ የፈቀዱትን ነው» ስትለው ሰማሁ። እሱም «እንግዲያው ነገ አሳዪኝ» አላት።

በማግስቱ ሆዳን የስልኩን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችልኝ።

«ማታስ የት እንደማድር ያያል?» አልኳት።

«ይሄኛው ምርጫ ስትጠቀምበት ብቻ ነው የሚለው። ስትዘጋው አያይህም።»

ነካሁትና ምሳ ጭኜ ወጣሁ። ጌታሁን ቢሮ ቆሞ ስክሪኑን ያይ ነበር። መንገድ ላይ ደወለልኝ።

«አየንህ! ሻይ ቤቱ ጋ ቆመሃል፣ አንተ ሰነፍ!»

«ግመል መንገድ ዘግቶብኝ ነው! ግመሉንስ አያሳይም?»

ስመለስ ሥራ አስኪያጁ «ነገ ግባ» አለኝ። ሰፈሩም አልተዘጋም። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁለትም።

ዛሬ ጠዋት የጠየቀኝን መተግበሪያ እምቢ አልኩት፤ አንብቤ ነው ታዲያ። አንድ ነገር ብቻ ሲከነክነኝ ይኖራል፦ እምቢ ያለውን ሁሉ የለም እያለ የሚቆጥር ካርታ፣ ስንቱን ሰፈር ሰው የሌለበት አስመስሎት ይሆን? የእኔስ ነገር አልቋል፤ ያለቀውም በመስቀል ማግስት፣ መስከረም አሥራ ስምንት ቀን ነው።