ኮዱ ወደ ቶሎሳ ስልክ ይመጣል

«ልቅሶ ቤት ሰው ያለቅሳል እንጂ ኮድ ይጠይቃል እንዴ? ገና ሰልስቱ እንኳን አልወጣም እኮ!» አለች ስመኝ፣ የሟች ሚስት።

«እትዬ ስመኝ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አለች ሀጂራ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ። «ያለፈው ሳምንት የሥራ አጥ ገንዘቤ፣ አንኢምፕሎይመንቴ ቀረ። ዛሬም ፎርሙን ካልሞላሁ የዚህ ሳምንቱም ይቀራል። የቤት ሬንት ሁለት ወር አሳልፌያለሁ፣ ሊያስወጡኝ ነው።»

ወዲያው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የቶሎሳ ስልክ ጢው አለ። ሀጂራ በእጇ ካለው ስልክ ኮድ ጠይቃ ኖሯል። ኮዱ መጣ። የሚያነበው ሰው ግን ተቀብሯል።

ቶሎሳ እዚህ አሜሪካ በኤጀንሲ ተቀጥሮ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ሲጭን የሚውል ሰው ነበር። ከሥራ ሲወጣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሌባ የተጻፈ ነገር ያነባል። አርብ አርብ ደግሞ ለቴሌግራም ግሩፓችን ድምፁን ይልካል። «ወገኖቼ፣ አዲስ አፕዴት ወጥቷል፣ ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አፕዴት አድርጉ። ፓኬጅ መጥቶልሃል የሚል ቴክስት ካያችሁ ሊንኩን እንዳትነኩ። ምንም ሳታዙ ምን ይመጣላችኋል?» ይላል። እንስቅበታለን፣ ግን እንሰማዋለን።

ኮሮና ገብቶ ሆቴሉም ፓርኪንጉም ሲዘጋ፣ ከሥራ ሌይኦፍ የሆነው ሁሉ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ እሱ ቤት ተሰለፈ። ፎርሙን የሚሞላልን እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ፓስወርድ አወጣ፣ በደብተር ጽፎም ሰጠን። የስልክ ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ሀጂራን አየና ቆመ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው «ከባንክ ነው» ብሎ ኮል ሲያደርግላት ኮዷን አንብባለት፣ መርቃው ነው የዘጋችው። ያጠራቀመችው በሙሉ ሄደ። «ትሁት ሰው ነበር» ነው ያለችው።

ስለዚህ በየሳምንቱ ፎርሙን ልንሞላ ስንገባ የሚላከውን የሁላችንንም ኮድ በራሱ ስልክ አደረገው። «ወደኔ ይምጣ። እኔ ለሌባ አልሰጥም» አለ።

እውነቱን ነው፣ አልሰጠም። ኅዳር ላይ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ እንኳን፣ እያሳለ ከአልጋው ላይ ኮድ ያነብልን ነበር። የመተንፈሻ ማሽን ሲያስገቡለት አቆመ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሞተ።

ስልኩ እንደተቆለፈ ነው። ቴክስት ሲመጣም ውጪ ላይ አይታይም፣ ሰው በአጠገብ አልፎ እንዳያነብ ብሎ ደብቆታል። ስመኝ እያጉረመረመችም ቢሆን ሞከረች። የልጃቸውን ልደት አስገባች። እምቢ አለ። የሰርጋቸውን ቀን አስገባች። እምቢ አለ። ሌላም ስትሞክር ስልኩ ጭራሽ ለአንድ ሰዓት ተዘጋ።

«የሰርጋችንን ቀን አላደረገም?» አለችና ያን ጊዜ ነው አምርራ ያለቀሰችው።

ልደትና ሰርግ አታድርጉ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው ብሎ ስንት አርብ ነግሮናል። እሷ ግሩፑ ውስጥ አልነበረችም።

ስልክ ሱቅ ሄደን ስንጠይቅ፣ የሞት ወረቀቱ ሲመጣ ቁጥሩን ወደ ሚስቱ ስልክ እናዞራለን አሉን። ወረቀቱ አሥር ቀን ፈጀ። እስከዚያ የሀጂራ በር ላይ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወረቀቱ እንደደረሰ ሁለቱንም ይዤ ዎርዝንግተን ወዳለው ስልክ ሱቅ ነዳሁ። የሱቁ ልጅ ቁጥሩን አዞረ። ሀጂራ እዚያው ቆማ ኮድ ጠየቀች። የስመኝ ስልክ ጢው አለ።

«መጣ!» አለች ስመኝ። እንግሊዝኛ አታነብም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። «አንድ፣ አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ስድስት።»

«አልገባም።»

«ደግመሽ ሞክሪ! አንድ፣ አንድ፣ ስምንት...»

«አልገባም እትዬ!»

በሦስተኛው ሙከራ የሀጂራ አካውንት ተዘጋ። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ተመለሱ አለ። ሀጂራ ፍርድ ቤት የምትቀርበው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ትክክለኛው ኮድ ከታች መጥቶ ቁጭ ብሏል። ከላይ ያለው፣ ስመኝ ያነበበችው፣ ከሆስፒታሉ ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ስመኝ።

«ኢንሹራንስ ስለሌለው ነው... የቶሎሳ የሕክምና ሂሳብ ነው» አልኳት። «መቶ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ስድስት ዶላር።»

ስልኩን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ዛሬ አልከፈለችም።