የፍልሰታ በርጫ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ሻርፗን አፏ ድረስ ተጠምጥማ ገባች። እዚህ ኖርዌይ በግንቦትም ይበርዳልና ልለፈው ብዬ ነበር። ጃኬቷ ግን ሸተተኝ። ያንን የጢስ ሽታ የፒያሳ ልጅ አይስተውም።

«ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከጓደኞቼ ጋር። ተይው እማ፣ አንቺ አይገባሽም።»

አይገባሽም! ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እኔና እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥተን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አነጋገሬም ጫማዬም የትምህርት ቤት ልጆችን ያስቃቸዋል፤ ስሜ «ፋራዋ» ሆኖ ቀረ። ከክፍሌ ልጆች የምታናግረኝ ሚሚ ብቻ ነበረች፤ የሚሚ ሰዎች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጃፒ የሚባል ልጅ ቤት ይሰበሰባሉ። መሬት ላይ ፍራሽ፣ መሃል ሺሻ፣ ጥግ ላይ ሐሺሽ የሚጠቀልል አንድ ዝምተኛ። እኔ ስገባ ግን ጃፒ «ጠጋ በሉ፣ ቦታ ያዙላት» ይላል። ለዚያች ቃል ስል ስንት ቀን ጢስ ታጠንኩ!

አንድ ቀን በፍልሰታ እማዬን ቅዳሴ ነኝ ብያት፣ ነጠላዬን ለብሼ እዚያው ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጫቱ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ መሃል ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። ለካ ሁሉም ጿሚ ነው!

«ቅጠል እኮ ምግብ አይደለም» አለች ሚሚ።

«ጭማቂው አይዋጥም?» ጃፒ ተቆጣ። «ጀዝባ ብንሆንም ጾም አንገድፍም። ቅዳሴ ይውጣ!»

የዲያቆን ጥንቃቄ! ቅዳሴ መውጣቱ ሲታወቅ አማትበን ጀመርን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበሽቀኛል።

ወደ ቤት ስመለስ አረንጓዴ ጥርሴን ለመደበቅ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በፍልሰታ፣ በዚያ ሰዓት፣ አፉን የሚሸፍን ማን እንደሆነ ያ ሁሉ ብልጠቴ አላስታወሰኝም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መንገድ ላይ አዩኝ።

«ቆርባ ነው! እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ!»

እልልታውን አቀለጡት። ሰው ከየበሩ ወጣ። አይደለም ብዬ ራሴን ብነቀንቅ «ትሕትናዋን እዩ!» ተባለልኝ። አፌን ብገልጥ ጉዴ ፈላ፤ ባልገልጥ በቁርባን መቀለድ።

እማዬ ወጥታ ዓይኔን አየችው። እጄን ይዛ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

«ግለጪ።»

ገለጥኩ።

«ምን አጣሽ አንቺ ልጅ? ምን ጎደለሽ?»

«እነሱ ቦታ ይይዙልኛል።»

ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን ወደ ደጅ ወጣች። «እትዬ አስካለ፣ ልጄ አልቆረበችም» ስትል ሰማኋት። ምክንያቱን አልነገረቻቸውም። እልልታው ቀጥ አለ፤ የሰፈሩን ዓይን ሁሉ ተሸክማ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ፣ እማዬ ከሥራዋ አስፈቅዳ ቀድማኛለች። በሴቶቹ በኩል፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ጃንጥላዋን አጋድማ ትነጫነጫለች።

«ሰው እየገፋኝ እስከዚህ ሰዓት! ነይ ቁሚ፣ ቦታሽ ነው!»

ከዚያ በኋላ ጃፒ ቤት አልረገጥኩም ብል ውሸት ነው። ግን በሄድኩ ቁጥር ያ ጃንጥላ ትዝ እያለኝ መቀመጫው ይቆረቁረኝ ጀመር።

እሁድ ልጄን «ቅዳሴ ላይ እጠብቅሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። እሷም «እናያለን» አለች ከብርድ ልብሷ ውስጥ፤ እናያለን! ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ነው፤ ወንበር አይበቃም። ቦርሳዬን ከጎኔ አስቀመጥኩ። ወንጌል ከተነበበ በኋላ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ሰው አለው?» አሉኝ።

በሩን አየሁ። ይህቺ ልጅ መቼም በሰዓቱ አትደርስ።

«አለው» አልኳቸው።