አንድ ስንዝር ከመኪናው

የሀያቱ ሱቅ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ በሁለት የጨርቅ መደብሮች መካከል የተሰነቀረች ናት። አንድ ሰው፣ አንድ ሞርሳና በግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቁልፎች ትይዛለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ነፋስ ሲገባ ቁልፎቹ ይንቃጨላሉ። መጀመሪያ የሄድኩት የክፍሌ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነበር። እሱ ቁልፌን ሲሞርድ የኔ ዓይን ግን በሩ ላይ ከቆመችው ነገር አልነቀል አለ።

መኪና ናት። ፊት ለፊት ሁለት የባጃጅ ጎማ፣ ከኋላ አንድ የቬስፓ ጎማ አላት። ገላዋ ተዘርግቶ ከተቀጠቀጠ የዘይት በርሜል የተሠራ ነው፤ የፋብሪካው ፊደላት እስካሁን በጎኗ ላይ ተዘቅዝቀው ይነበባሉ። የበሯ እጀታ ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ደግሞ በመሃል ለመሃል አንድ ረጅም የብየዳ መስመር ተጋድሟል፤ ተቀዶ የተሰፋ ሆድ ይመስላል። ስለ መስመሩ ጠየቅኩት። ሀያቱ ሞረዱን አስቀመጠና «እሱ የእትዬ ለተብርሃን ስንዝር ነው» አለኝ። ታሪኩን ሰምቼ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ያኔ ያስቀረጽኳቸው ሁለት ቁልፎች ዛሬም የሚከፍቱት በር የለም።

ሀያቱን ገና በሁለት ዓመቱ ትኩሳት ያዘው፤ ሲለቀው እግሮቹን ይዞ ሄደ። ቤቱ ከራጉኤል ጀርባ ነው። ከዚያ በጠባቡ መንገድ፣ በበርበሬ በረንዳ አልፎ እስከ ሱቁ ያለው ርቀት ለሚራመድ ሰው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሀያቱ ይህን መንገድ ለአሥራ አንድ ዓመት የሄደው በቶላ ጀርባ ላይ ነበር። ቶላ ከሰላሌ የመጣ ተሸካሚ ነው፤ ኩንታል ስኳር ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሚያፏጭ ሰው። ጠዋት ሀያቱን ሱቁ ያስቀምጠዋል፤ ማታ መጥቶ ይወስደዋል። አንድ ጊዜ ሌላ ተሸካሚ ሞክሮ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ ጣለውና ሁለት ጎድኑን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ሀያቱ በቶላ እንጂ በማንም ጀርባ አልወጣም። በእጅ የሚዘወር ብስክሌትም በእርዳታ አግኝቶ ነበር። እሱም ያው ዳገት ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

እንግዲህ የሀያቱ ሰዓት ቶላ እጅ ውስጥ ነበር። ቶላ ጭነት ሲያራግፍ ካመሸ ሀያቱ በቁልፎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሚስቱን ሀፍሷን ምጥ ያዛት። ወሬው ሱቁ ድረስ ወዲያው መጣ፤ ቶላ ግን ቃሊቲ ሲሚንቶ እያራገፈ ነበር። ሀያቱ አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ልጁን ማሂራን ያያት ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ ከጨረሰ በኋላ፣ አፍንጫዋ የሱ መሆኑ እንኳ ከተነገረው በኋላ ነው። በዚያች ቀን አንድ ነገር ቆረጠ፦ በራሱ ሰዓት፣ ማንም ሳይሸከመው፣ ከቤቱ ሱቁ፣ ከሱቁም ቤቱ ይደርሳል።

እንዴት የሚለውን መልስ ያመጣችለት የቅመም መጠቅለያ ናት። ሀፍሷ ኮረሪማ ገዝታበት የመጣችው ወረቀት ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ ነበር። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከአንዲት ትንሽ መኪና አጠገብ ቆሟል፤ ከሥሩ ብረታ ብረቷ ተበታትኖ ቁጥር በቁጥር ተሥሏል። ሀያቱ ወረቀቱን ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ አስነበበ። ተማሪው መኪናዋ ተበታትና በሳጥን እንደምትሸጥ፣ ገዢው ግቢው ውስጥ ራሱ እንደሚገጣጥማት ነገረው። ሀያቱም «የኔ ሳጥን ምናለሽ ተራ ነዋ» አለ።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። የዓለም ትርፍራፊ ሁሉ ተበታትኖ የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ የጎደለው የሚገጥመው ሰው ብቻ ነው። ሀያቱ በቶላ ጀርባ ላይ ሆኖ ብረት ሲመርጥ ከረመ። ሲነግረኝ እኔን የደነቀኝ ይኸው ነበር፤ ሰውዬው የሚገላግለውን መኪና የሸመተው ሊገላገለው ከሚሻው ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ቶላም ያውቅ ነበር። አንድ ነጋዴ እንጀራህ ሊቀር ነው ብሎ ቢያሾፍበት፣ ጀርባዬ አሥራ አንድ ዓመት አልተኛም፣ ይተኛ ብሎ መለሰለት።

የቬስፓ ሞተር የመረጠው አስቦበት ነው። የቬስፓ ፍሪሲዮንና ማርሽ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ ነው፤ እግር የሚፈልገው የኋላ ፍሬኑና ማስነሻው ብቻ ነው። ፍሬኑን ብረት ቀጥሎ ወደ እጁ አመጣው። ማስነሻው ግን ሦስት ወር ፈጀበት። ሌላ ሰው በእግሩ መትቶ ካስነሳለትማ ያው በሰው እጅ መሆኑ ነው። በመጨረሻ ከወገቡ ጎን ረጅም ዘንግ በየደና በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳበው። ሞተሩ ሲነሳ ከእንቅልፏ የባነነችው ማሂራ ታለቅሳለች ሲሉ ሳቀች።

ስፋቷን የለካችው ሀፍሷ ናት። እሑድ ቀን ሲባጎ ይዛ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየለካች፣ በጣም በጠበበው ቦታ ላይ ቋጠሮ አሰረች። ሀያቱ ከቋጠሮው አንድ ጣት ቀንሶ ሠራ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ ሆነች፤ አንዱ ወንበር የሀፍሷ ነው። ቶላ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ብሎ አያትና ሰፋች አለ። ሀያቱ ሲባጎውን አሳየው። ቶላ ሲባጎውን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። የተሸካሚ ቃል ከተለካ ሲባጎ ጋር ምን ይከራከራል?

ሰኞ ጠዋት ወጡ። ሀያቱ ይነዳል፤ ቶላ ሥራውን ትቶ ከኋላ ይከተላል። አስፋልቱን በሚያቋርጡባት አንዲት ቦታ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸውና ይህ ነገር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ቶላ ቀድሞ «ወንበር ነው» አለ። ፖሊሱ ዞሮ አየው፣ የሀያቱንም እግሮች አየ፣ እጁን አወዛወዘና አሳለፋቸው።

በርበሬ በረንዳ ሲደርሱ መንገዱ የለም። እሑድ ሀፍሷ የለካችው ሱቆቹ ተዘግተው ሳለ ነበር። ሰኞ ግን በግራም በቀኝም የበርበሬ ጆንያ ከየበሩ ወጥቶ ተደርድሯል፤ የቀረው ተሸካሚ በጎኑ የሚያልፍበት ብቻ ነው። ሀያቱ ይህን እንዴት አጣው? አሥራ አንድ ዓመት አልፎበታል፤ ግን ያለፈው ከጆንያው በላይ፣ ከሰው ራስ በላይ ነው። ከላይ ሲያዩት መንገዱ ሰፊ ነው።

መኪናዋ በሁለት ጆንያ መካከል ተሰነቀረች። ቬስፓ ደግሞ የኋላ ማርሽ የለውም። ያ ሳያንስ የሞተሩ ማራገቢያ የፈሰሰውን በርበሬ አንስቶ በተነውና መንገዱ ሁሉ ማስነጠስ ጀመረ። ነጋዴው ያስነጥሳል፣ ገዢው ያስነጥሳል፣ አንዱ የሀያቱን መኪና እየረገመ ያስነጥሳል። ሌላ መላ ስላልነበረ አራት ተሸካሚዎች መኪናዋን ከነሀያቱ አንስተው ወደ ኋላ አወጧት። ከአራቱ አንዱ ቶላ ነበር። ላለመሸከም አንድ ዓመት ከአራት ወር የለፋ ሰው፣ አሁን ከነብረቱ ተሸከሙት። ሀያቱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው የቶላ ፊት አጠገቡ ነው።

«ጋሼ» አለው ቶላ በዝግታ፣ «አንተ መንገዱን ከላይ ነው የምታውቀው። እኔ በክርኔ አውቀዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩህ። ሲባጎ አሳየኸኝ።»

በማግስቱ ነጋዴዎቹ አዘኑለት። አንዳንዱ ለአላህ ብሎ፣ አንዳንዱ ስለ ማርያም ብሎ ጆንያውን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ሀያቱም አለፈ። ረቡዕ ጆንያው ተመልሶ መንገዱ ላይ ነበር። ክፋት አይደለም፤ ገበያ ነው። እዝነት አንድ ቀን ካደረ ብዙ ነው።

ሐሙስ ሀያቱ በቶላ ጀርባ ሆኖ እትዬ ለተብርሃን ዘንድ ሄደ። እሳቸው የመስመሩ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከእድሜያቸው አርባውን ዓመት በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ፣ እሳቸው ያሉትን ሌላው የሚከተል። ቶላ ጆንያ ላይ አስቀመጠው። ለተብርሃን አይዞህ ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ሀያቱ ቀደማቸው። ልለምንዎት አልመጣሁም፣ ልከራከር ነው የመጣሁት አላቸው። ከየወገኑ አንድ አንድ ስንዝር ይፈልጋል፤ ዋጋውን ይጥሩ።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ክርክር ሥራቸው ነው።

«አንድ ስንዝር አንድ ረድፍ ጆንያ ነው። ሁለት ጣት ውሰድ።»

«በሁለት ጣት እኮ የምታልፈው ድመት ናት፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ድመት ግዛ።»

ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ ሀያቱም ሳቀ። ከዚያ የመጨረሻ ዋጋውን ተናገረ። «እኔም ልክሰር፣ እናንተም ክሰሩ። አንድ ስንዝር ከመኪናዬ እቆርጣለሁ። እናንተ ከየወገኑ ግማሽ ግማሽ ልቀቁ።»

ለተብርሃን ብረት ይቆረጣል ወይ ብለው ቶላን ጠየቁት። ቶላ ይህ ሰውዬ ካለ ይቆረጣል አላቸው። ቆርጦ ሲያመጣ ዋጋው የተቆረጠ ይሆናል ተባብለው ተለያዩ።

ቤት ሲደርስ ግን ሀያቱ መጋዙን አላነሳም። ከመሃል አንድ ስንዝር ሲወጣ የሚሄደው የሀፍሷ ወንበር ነው። ልጅቷን ታቅፋ አጠገቡ ስትቀመጥ በልቡ ስንት ጊዜ አይቷታል! ሀፍሷ በር ላይ ቆማ አየችው፤ መጋዙን ከመሬት አንስታ እጁ ላይ አኖረችው።

«ቁረጠው። እኔ እግር አለኝ።»

ሁለት ሳምንት ፈጀ። መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሰነጠቃት፣ አንድ ስንዝር አወጣ፣ መልሶ በየዳት። የተረፈችውን ብረት ከኋላው ለማሂራ የምትሆን ትንሽ መቀመጫ አደረጋት። ለተብርሃን ራሳቸው መጥተው በእጃቸው ለኩ። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ጆንያቸውን ግማሽ ስንዝር ሳቡ፤ ወዲያ ማዶ ላሉትም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋጋው ተቆርጧል ሳቡ አሉ። ሁሉም ከሳበ በኋላ የራሳቸውን ጆንያ ሌላ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገፉት።

«ይሄ ደግሞ ምርቃት» አሉ።

በዕቃ ላይ እንጂ በመንገድ ላይ ምርቃት ሲጨመር ሰምቼ አላውቅም። ሀያቱ እንዳለኝ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው ጆንያውን ወጣ ካደረገ የሚቆጡት ለተብርሃን ናቸው። ተከራክረው የሸጡት ነገር ነው፤ ቃላቸውን አያጥፉም።

ሰሌዳ ለማውጣት ሀያቱ እስካሁን ይመላለሳል። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የሷ ዓይነት የለም ይሉታል፤ እሱም እንግዲያ አንድ መስመር ጨምሩ ይላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በርበሬ በረንዳ ቆሜ ጠበቅኳት። በቀይ አቧራ ውስጥ እየተንተከተከች መጣች፤ ሀያቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አራት ዓመት የሞላት ማሂራ ከኋላው የሸሚዙን ኮሌታ ይዛ። በግራና በቀኝ ከጆንያው ጋር ያላት ልዩነት ጣት ቢያስገባ ነው። ሀያቱ መሃል ላይ ቆሞ ለተብርሃንን ጤና ይስጥልኝ ማለት ጀመረ፤ ጉልበታቸውን ጠየቀ፣ ልጃቸውን ጠየቀ። ከኋላው ትልቅ ኩንታል የተሸከመ ሰው ፉጨቱን አቋረጠ።

«መንገድ!» አለ ቶላ፣ ተሸካሚ መንገድ ለዘጋበት ለማንም ሰው እንደሚለው። «ጋሼ፣ ሰው ተሸክሟል እኮ፣ መንገድ!»

«እሺ፣ ምን ያስቸኩልሃል» አለ ሀያቱ። ዞሮ አላየውም፤ ፊቱ ግን በራ። ማርሽ አስገባና መንገዱን ለቀቀለት።